የሰልፉ መጨረሻ

የሪኬን ሠርግ በአንድ የካሜራ ካርድ ብቻ አንስታ ጉድ የሆነችው የስቬንቦርጓ ፎቶ አንሺ ቦዲል፣ የተበላሸውን ካርድ እንደገና ኮምፒውተሩ ላይ ሰካችው። እስካሁን ከካርዱ የወጡት ፎቶዎች ግማሽ ጎናቸው ግራጫ ነው። የሪኬ አያት ደግሞ ማክሰኞ ዕለት አርፈዋል፤ ከሠርጉ ወዲህ ሌላ ፎቶ አልተነሡም።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስታነሺ ኖረሽ ሁለተኛ ካርድ መያዝ አቃተሽ?» አለች ሪኬ፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ከቦዲል ኋላ እየተንቆራጠጠች።

«አንቺ ልጅ፣ አረፍ በይ። ወለሌን ጨረስሽው እኮ!»

አንድ ሙሉ ፎቶ ወጣ። ሙሽራው ከአዳራሹ ወጣ ሲል፣ በዴንማርኮች ልማድ እሱ እስኪመለስ እንግዳው ሁሉ ሙሽራይቱን ለመሳም ተሰልፏል። ጺማሙ አያትየው ከሁሉም ኋላ ቆመዋል።

«አያቴ! ይቺን አስቀምጪልኝ» አለች ሪኬ።

በሚቀጥለው ፎቶ ከፊታቸው ጥቂት ሰው ቀርቷል። ከዚያ በሚቀጥለው አንዲት ሴት ብቻ።

«ተራቸው እኮ አልደረሰም ነበር» አለች ሪኬ። «ባሌ ቶሎ ተመለሰና ሰልፉ ተበተነ።»

ቦዲል የመጨረሻውን ፎቶ ከፈተችው። አያትየው ከንፈራቸውን አሹለው ጎንበስ ብለዋል። ከፊታቸው የቆመችው ሪኬ ግን ቬሎ አልለበሰችም፤ ቢጫ ካፖርት ነው የለበሰችው።

ከኋላዋ የነበረው መንቆራጠጥ ቆመ።

«ቦዲል» አለች ሪኬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ። «ጺም ወጋኝ።»