ምላስሽን አስተኚ

አምቦ አንድ ቢሮ ታይፒስት ሆኜ ከገባሁ ወር ከምናምን ሆኖኛል፤ ገና ሙከራ ላይ ነኝ። ጠዋት ታይፕ፣ ከሰዓት ስብሰባ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሶ ደብዳቤ ማበላሸት አበዛሁ። አለቃዬ ኦቦ ዓብዲሳ "አንድ ደብዳቤ ደግመሽ ብታበላሺ ሙከራሽን አታልፊም" አሉኝ።

መላውን ያመጣችልኝ ጎረቤታችን ሲስተር ድንቅቱ ናት። "በየቀኑ ከምሳ በኋላ አምስት ደቂቃ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትንፋሽሽን ብቻ አዳምጪ። ምላስሽንም ከታችኛው ጥርስሽ ጀርባ አስተኚው። እሱ ካረፈ ሐሳብሽም ያርፋል።"

እውነቷን ነው፣ ስህተቴ ጠፋ። ግን አፌ! በተቀመጥኩ ቁጥር የከረመ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ የነከስኩ ይመስለኛል፤ ዝልግልግ ያለ ነገር ይሞላዋል። በአምቦ ውሃ ብጉመጠመጥም አይለቅም። ተላላኪው ኤጄታ አፍንጫውን ይዞ "ኧረ አንቺ ልጅ፣ አይጥ ነው እንዴ የበላሽው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ዛሬም ተቀመጥኩ። ምላሴን አስተኛሁት፤ ጫፉ ጥርሴን ነክቶ ጸጥ አለ። ትንፋሼን አንድ፣ ሁለት ብዬ ስቆጥር አንድ ቀዝቃዛ፣ ልፍስፍስ ያለ ነገር ላንቃዬን ቀስ ብሎ ላሰኝ። ሮጬ ልወጣ ስነሳ፣ ኦቦ ዓብዲሳ በሩን ከፈቱ።

"እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ሙከራሽን አልፈሻል። አብረሽን ትቆያለሽ አይደል?"

"እቆያለሁ ኦቦ፣ የትም አልሄድም" አለ አፌ፣ በራሴ ድምፅ።

የኔ ምላስ ግን እዚያው እንደተኛ ነው።